የምክር ዓምድ፦ ግራይንደሩ ለጊዜው ይቆይ

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? አራት ኪሎ አካባቢ የድሮ ቤት ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተን የምንኖር ባልና ሚስት ነን። ወለሉ ጣውላ ነው። በሩ አጠገብ ያለው ጣውላ በተረገጠ ቁጥር ሲጢጥ እያለ ልጃችንን ከእንቅልፉ ሲቀሰቅስብን ጊዜ ባለቤቴ ከጎረቤት ድሪል ተውሶ፣ መሥሪያ ቤቱ ጂፕሰም ሲያሠራ የተረፈ ጥቁር ብሎን አምጥቶ አምስት ቦታ አሰረው። ሦስቱ ገቡ። አንዱ ግን ሳይጨርስ ቀጭ ብሎ ራሱ ተሰበረና ከወለሉ በላይ የጥፍር ያህል ቀረ። አንዱ ደግሞ ገብቶ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ካቻቪቴ የሚገባበት መስቀሉ ተበላ፤ ወደ ውስጥም ወደ ውጪም አልሄድ አለ። ነጭ ጋዝ ብናፈስበት ወለሉ ጠቆረ እንጂ ጠብ ያለ ነገር የለም። አሁን ባለቤቴ ግራይንደር ተከራይቼ ልቁረጠው እያለ ነው። ጎረቤታችን ደግሞ በመዶሻ ደብድቡትና ይግባ ይላሉ። ልጃችን አራት ዓመቱ ነው፣ በባዶ እግሩ ነው የሚሮጠው። አከራያችን እትዬ እዚሁ ግቢ ውስጥ ናቸው። እስካሁን አላዩትም፤ አንድ ቀን ማየታቸው ግን አይቀርም። ምን ይሻለናል? — ወለሉ ያስጨነቃት፣ ከአራት ኪሎ»

ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ከብሎኑ በፊት የታየኝ የልጁ እግር ነው። ስለዚህ ሌላውን ከማንበብሽ በፊት ተነሺና ወፍራም ካርቶን ሁለት ሦስት ጊዜ አጥፈሽ የተሰበረው ላይ ጣዪበት። ዙሪያውን በፕላስተር ለጥፊው። ሥራው እስኪያልቅ ልጁ ቤት ውስጥም ነጠላ ጫማ ያድርግ። ድንገት ከወጋው ቁስሉን በውሃና በሳሙና አጥበሽ ጤና ጣቢያ ውሰጂው፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱ የተሟላ መሆኑን ያዩልሻል። ሰው ዝገቱን ይፈራል እንጂ በሽታውን የሚያመጣው አፈርና አቧራ ውስጥ የሚኖር ጀርም ነው። ብሎኑ አዲስ ነው ብለሽ አትዘናጊ።

አሁን ወደ ግራይንደሩ። በጭራሽ አይሆንም። ግራይንደር ብረት ሲቆርጥ የሚረጨው ፍንጣሪ የጋለ ብረት ነው፤ ወለላችሁ ደግሞ ነጭ ጋዝ ጠጥቷል። ጋዙ ባይኖር እንኳ የድሮ ጣውላ ወለል ክፍተቱ ውስጥ የስንት ዘመን አቧራ፣ ስንጥርና ወረቀት ተጠቅጥቆበታል። ፍንጣሪው እዚያ ይገባና ሳይነድ ውስጥ ውስጡን ሲጨስ ያመሻል። የሚነሳው እናንተ ከተኛችሁ በኋላ ነው። ሰፈራችሁ ደግሞ ቤቱ ሁሉ ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዘ ነው። ይሄ ሁሉ ባይደርስ እንኳ፣ ዲስኩ ጣውላውን ሳይነካ ብሎኑን ብቻ አይቆርጥም። የጥፍር ታህል ብረት ለማጥፋት ብላችሁ የስንዝር ጠባሳ ታተርፋላችሁ።

መዶሻውስ? ጎረቤታችሁ ሚስማር መስሏቸዋል። ብሎን ጥርስ አለው። በመዶሻ ሲመታ ጥርሱ እንጨቱን እየቀደደ ይወርዳል፣ ወይም እዚያው ቀጭ ይላል፣ ወይም ጣውላው ይሰነጠቃል። ለመዶሻም ቦታ አለው፤ እመጣበታለሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንስማማ። ወለሉ ከብሎኑ ይበልጣል። ብሎን በየሱቁ ሞልቷል። የድሮ ጣውላ ግን፣ ያውም ጥድ ወይም ዝግባ ከሆነ፣ ዛሬ ሄደሽ ልኩን ገዝተሽ የምትተኪው ነገር አይደለም። ስለዚህ ማንኛውንም ዘዴ ከመሞከራችሁ በፊት «ይሄ ባይሳካ ወለሉ ምን ይሆናል?» በሉ። መልሱ ካላማራችሁ ተዉት። ብሎኑ የግድ መውጣት አለበት ያለም የለም። እዚያው ተቀብሮ መቅረትም አንድ መፍትሔ ነው፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ የተሻለው እሱ ነው።

ባለቤትሽን አትቆጪው። ሥራውን ያበላሸው ጉልበቱ ሳይሆን ብሎኑ ነው። ያ ጥቁሩ የጂፕሰም ብሎን ቀጭን ነው፣ በሙቀትም የጠነከረ ነው። የተሠራው የጂፕሰም ሰሌዳን ከላሜራ ወይም ከቀጭን እንጨት ጋር ለማያያዝ ነው። ጥንካሬው ጣጣ አለው፤ አይጎብጥም። ለስላሳ ብረት ጭንቅ ሲበዛበት ይጎብጣል፣ ይሄኛው ግን ይሰበራል። ከጣውላው ሥር ያለው ሞራሌ ደግሞ ስንት ክረምትና በጋ ያየ ደረቅ እንጨት ነው። መጀመሪያ በቀጭን ፑንታ ሳይበሳለት፣ ድሪሉ ሙሉ ፍጥነት ላይ ሆኖ ሲነዳ፣ አንገቱ ላይ ቀጭ ቢል አይገርምም። ሌላም ሊሆን ይችላል፤ ጫፉ አሮጌ ሚስማር ላይ ዐርፎ ይሆናል። የድሮ ወለል በሚስማር ነው የተመታው፤ ራሱ በቀለምና በሰም ተሸፍኖ ስለሚቀር በዓይን አይታይም።

መስቀሉ ለምን እንደተበላም ልንገርሽ። ይህን መስቀለኛ ራስ ያስፋፋው ሄንሪ ፊሊፕስ የሚባል አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የመኪና ፋብሪካዎች ወደዱት፤ ካቻቪቴው ሳይፈለግ በራሱ መሃሉን ያገኛልና ለማሽን ሥራ ይፈጥናል። ግን የመስቀሉ ግድግዳ ዘመም ያለ ነው። ማዞሩ ሲከብድ ካቻቪቴው በዚያ ዝማሜ ላይ ተንሸራቶ ወደ ላይ ይወጣል። ድሪል ላይ ሲሆን ደግሞ አንዴ ከተንሸራተተ «ትርርርር» እያለ በሰከንድ ውስጥ መስቀሉን ልሶ ይጨርሰዋል። ባለቤትሽ ያንን ድምፅ እርግጠኛ ነኝ ሰምቶታል። ድምፁ ሲሰማ ጣትን ከማብሪያው ላይ ማንሳት ነው እንጂ «ትንሽ ብገፋው ይገባል» ማለት የለም።

ነጭ ጋዝም ሆነ ደብሊው ዲ 40 የሚባለው ርጭት ብረት ከብረት ጋር ሲጣበቅ ነው የሚጠቅመው፤ የዛገ ብሎን ዳዶው ውስጥ አልፈታ ሲል ማለት ነው። የእናንተ ብሎን የተያዘው በእንጨት ነው። ዝገት እንኳ ገና አልያዘውም። ጋዙን የጠጣው ጣውላው ብቻ ነው። ይባስ ብሎ ጋዝ የጠጣ እንጨት ኮላም ቫርኒሽም አይዝም። ስለዚህ ጋዙን ማውጣት ከሁሉ መቅደም አለበት። ከእንጨት ቤት ደረቅ ሰጋቱራ በፌስታል ለምኑ፣ ማንም አይከለክላችሁም። ወፈር አድርጋችሁ ነስንሱበት፣ አሳድሩት፣ ጥረጉት፣ ድገሙት። መስኮቱ ክፍት ይሁን። የሚጠረገውን ሰጋቱራ ቤት ውስጥ አታከማቹት፤ ከምድጃና ከቡና ከሰል አርቃችሁ ውጪ አውጡት። ሽታው እስኪጠፋ ጠብቁ። ችኮላ ነው እዚህ ያደረሳችሁ፣ ሁለት ሦስት ቀን ብትቆዩ ምንም አይሆንም።

ጋዙ ወጥቶ ወለሉ ከደረቀ መስቀሉ ከተበላው ጀምሩ። ድሪሉን ለባለቤቱ መልሱት ወይም ጥግ አስቀምጡት። የሚያስፈልገው የእጅ ካቻቪቴ ነው፣ ያውም ጫፉ ያላለቀ። የጂፕሰም ብሎን አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር 2 የሚባለውን መስቀለኛ ነው የሚወስደው። እናንተ ቤት ካለው ጋር አስተያዩ፤ ሲገባ የሚወላወል ከሆነ አነሰ ማለት ነው። መስቀሉ ውስጥ የተጠራቀመውን ብናኝ በመርፌ ቆፍረሽ አውጪ። ከዚያ ካቻቪቴውን ቀጥ አድርገሽ አስገቢና አናቱን በመዶሻ ሁለት ሦስቴ መታ መታ አድርጊ። መዶሻው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ምቱ ሁለት ነገር ይሠራል፤ ካቻቪቴው ጠልቆ እንዲነክስ ያደርጋል፣ ብሎኑንም ከእንጨቱ ትንሽ ያላቅቀዋል።

ቀጥሎ ባለቤትሽ ይምጣ፤ ክብደት ያለው ሰው ያስፈልጋል። በጉልበቱ ተንበርክኮ ደረቱን ከካቻቪቴው በላይ አድርጎ ይጫነው። ከማዞሩ ይልቅ መጫኑ ይበልጣል። መጀመሪያ ወደ ማጥበቂያው በኩል፣ ወደ ቀኝ፣ በጣም በትንሹ ይሞክር። ግራ የሚያጋባ ይመስላል፤ ግን የያዘውን እንጨት የሚያስለቅቀው ብዙ ጊዜ ያች ትንሽ ንቅናቄ ናት። ከዚያ ወደ ግራ። «ጭርቅ» የሚል ድምፅ ከተሰማ ለቋል፤ ከዚያ በኋላ ቀስ ብሎ መምጣት ነው። ካቻቪቴው ከተንሸራተተ ግን ወዲያው ይቁም። ከጎሚስታ ቤት ያለቀ ከመነዳሪ ቁራጭ አምጡና የጥፍር ስፋት ያህል ቆርጣችሁ በካቻቪቴውና በመስቀሉ መሃል አድርጉት። ጎማው የተበላውን ክፍተት ስለሚሞላ ካቻቪቴው እንደገና ይነክሳል። ብዙ የተበላ ብሎን በዚህ ይወጣል።

ይሄም ካልሆነ ጠፍጣፋ ካቻቪቴ በተበላው መስቀል ላይ በመዶሻ አስገብቶ አዲስ ስንጥቅ ማበጀት ይቻላል። ብሎኑን በኤሌክትሪክ ካውያ አግሎ ማላቀቅ የሚባል ዘዴም አለ፣ ይሠራልም። ጋዝ የጠጣ ወለል ላይ ግን ለማንም አልመክረውም፤ ለእናንተ ይቅርባችሁ።

ሁሉም እንቢ ካለ? ድሪሉ ይመለስ፤ አሁን ግን በብረት ፑንታ። ፑንታው ከብሎኑ ዘንግ ትንሽ ወፈር ያለ ይሁን። መስቀሉ መሃል ላይ አስቀምጦ በዝግታና በጫና መብሳት ነው። ብሎኑ ጠንካራ ስለሆነ ትዕግሥት ይፈልጋል፣ ፑንታውንም ሊያደነዝዝ ይችላል። የዓይን መነጽር አድርጉ፤ ልጁም እዚያ ክፍል አይኑር። ራሱ ሲላቀቅ ፑንታው ላይ ተጣብቆ ይመጣል። የሚቀረው ዘንግ ከወለሉ ገጽ በታች ከሆነ ጥሩ፤ እዚያው ይቅር። ማን ያየዋል?

አሁን የተሰበረው። እውነቱን ለመናገር ይሄኛው ይቀላል፣ የሚያዝ ነገር አለውና። ተራ ፒንሳ ግን አይበቃም፤ እጅ ሲደክም ይለቃል። የሚያስፈልገው እጀታው ላይ በብሎን ልኩ የሚስተካከልና ሲጨብጡት ተቆልፎ የሚቀረው ፒንሳ ነው። ሰፈራችሁ ያለ በርና መስኮት የሚሠራ ብረታ ብረት ቤት ያጣዋል ብዬ አላስብም፤ በትሕትና ከጠየቃችሁ ለአንድ ሰዓት ያውሷችኋል። መግዛት ካሻችሁ አዲሱን ሳይሆን መርካቶ ምናለሽ ተራ ወርዳችሁ አሮጌውን ፈልጉ። የድሮ መሣሪያ ብረቱ ጥሩ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት መንጋጋውን ጨብጡና ወደ ብርሃን አንሱት፤ በጥርሶቹ መሃል ሰፊ ብርሃን ካያችሁ አልቋል፣ ተዉት።

ሲሠራ እንዲህ ነው። የተቆረጠ የላስቲክ ካርድ፣ ያለቀ የሞባይል ካርድም ቢሆን፣ በብሎኑ ዙሪያ አንጥፊ። ፒንሳው ጣውላውን እንዳይነክስ ነው። ብሎኑን በተቻለ መጠን ከሥሩ፣ ከእንጨቱ አጠገብ ያዙት። ቆልፉት። ከዚያ ወደ ግራ ሩብ ዙር፤ ፈቶ እንደገና መያዝ፤ ሩብ ዙር። ወደ ጎን አትወዝውዙት። ይህ ብሎን መጎበጥ አያውቅም ብያለሁ፤ ከወዘወዛችሁት ከእንጨቱ ጋር እኩል ሆኖ ይሰበራል። የሚይዝ ነገር ካነሰ ዙሪያውን በቀጭን መሮ ወይም በሹል ቢላ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ቦርቡሩለት። ትንሽ ጉድጓድ ይሆናል፤ እሱ ይሞላል።

ከእንጨቱ ጋር እኩል ሆኖ ቢሰበርስ? አትደናገጡ። አንዳንድ ሱቅ «ብሎን ማውጫ» ብሎ በግራ ጥርስ የተሠራ መሣሪያ ይሸጣል። ለመኪና ወፍራም ብሎን ጥሩ ነው። ለዚህ ለክር የሚያህል ግን አይሆንም፤ እሱው ራሱ ውስጥ ይሰበርና ሁለት ችግር ይሆናል። አናጢዎች ጫፉ እንደ መጋዝ ጥርስ የተሞረደ ቀጭን የብረት ቱቦ ድሪል ላይ አድርገው በብሎኑ ዙሪያ እንጨቱን ቆርጠው ያወጡታል። ንጹሕ ሥራ ነው፤ ቀዳዳውም በኋላ በእንጨት ቡሽና በኮላ ይደፈናል። ያ የሚያስፈልገው ግን ጣውላው የግድ መነሳት ካለበት ነው። እናንተ ጣውላውን የማንሳት ሐሳብ የላችሁም። ስለዚህ ወፍራም ሚስማር ውሰዱ፣ ጫፉን በሞረድ ዱልዱም አድርጉት፣ ብሎኑ ላይ አቁማችሁ በመዶሻ ምቱት። ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር ከገባ በቂ ነው። ይሄ ጎረቤታችሁ ካሉት ይለያል፤ እዚህ የምትገፉት ጉቶውን ብቻ እንጂ ያልተሰበረውን ብሎን በሙሉ አይደለም።

ጉድጓዶቹን መሙላት ቀላል ነው። ደቃቅ ሰጋቱራ በእንጨት ኮላ ለውሳችሁ እንደ ሊጥ ወፍራም ሲሆን ጠቅጥቁት፣ ትንሽ ከፍ ብሎ ይቅር። ሲደርቅ ስለሚሰጥም ነው። በነጋታው በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ወደ እንጨቱ መስመር አቅጣጫ ፈትጉትና ቀለም የሌለው ሰም ቀቡት።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንመለስ፤ ጣውላው አሁንም ሲጢጥ ይላል አይደል? ሲጢጥታው የሚመጣው ጣውላው ከሞራሌው ስለለቀቀ ነው፤ ሲረገጥ ሚስማሩ ላይ ወጣ ገባ ይላል። ብሎኑ የሚጠቅመው ሞራሌውን ካገኘ ብቻ ነው። በሁለት ሞራሌ መሃል ባዶው ላይ ብትመቱት ጌጥ ነው። ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት ፈልጉና ወለሉ ላይ እየጎተታችሁ ሂዱ። ሚስማር ያለበት ቦታ ይይዛል። ሚስማሮቹ በአንድ መስመር የተሰለፉበት ሞራሌው ከሥሩ አለ ማለት ነው። አዲሱን ብሎን በዚያ መስመር ላይ፣ ከሚስማሩና ከተቀበረው ብሎን ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ አድርጉት። ብሎኑ የእንጨት ይሁን፣ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይበቃዋል። ርዝመቱ ከጣውላው ውፍረት ሁለት ጊዜ ያላነሰ። መጀመሪያ በ3 ሚሊ ሜትር ፑንታ ብሱ። ጥርሱን ቤት ካለ ጧፍ ላይ ፈትጉት፣ ሳሙናም ይሆናል፤ ሰሙ ሲገባ ያለሰልሰዋል። የመጨረሻዎቹን ዙሮች በእጅ ጨርሱ። አንድ ሰው ጣውላው ላይ ቆሞ ይጫንላችሁ።

የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ደግሞ «የእኛስ?» ማለታችሁ አይቀርም። ሊሾ ወይም ሴራሚክ ላይ ያለ ብሎን የተያዘው በፊሸር፣ ቀዳዳው ውስጥ በሚገባው የላስቲክ መያዣ ነው። ብሎኑ ዝም ብሎ ከዞረ ፊሸሩ አብሮ እየዞረ ነው፤ ራሱን በፒንሳ ወደ ላይ እየሳባችሁ አዙሩት። በመዶሻ አትደብድቡ፣ ሴራሚኩ ይሰነጠቃል። አዲስ ቀዳዳ ስትበሱም ከወለሉ ሥር የኤሌክትሪክ ቱቦ ሊኖር እንደሚችል አትርሱ።

እትዬን በተመለከተ፣ ንገሪያቸው። ከመሥራታችሁ በፊት ንገሪያቸው። ከተሠራ በኋላ ካወቁ የሚታያቸው የተሰበረው ሳይሆን መደበቁ ነው። ቡና ሲጠሩሽ፣ ሁለተኛው ከተቀዳ በኋላ፣ «እትዬ፣ ያ በሩ ጋ ያለው ጣውላ ሲጮህ እናስተካክል ብለን ብሎን ተሰበረብን፤ በራሳችን ወጪ እናስተካክለዋለን፣ እርስዎ ግን ይወቁልን» በይ። ረጅም ይቅርታ አያስፈልገውም። የድሮ ቤት ባለቤቶች ደግሞ ወለሉን የሚያውቅ አናጢ አያጡም። ምናልባት ቆጥ ላይ የተረፈ ጣውላም ይኖራቸዋል፤ እሱን ካገኛችሁ ለመሙያው ሰጋቱራ ከዚያው ሞርዱ፣ ቀለሙ ይገጥማል።

በደህና የገቡት ሦስቱስ? እነሱም ጥቁሮቹ ናቸው። ወለሉ በተረገጠ ቁጥር ጣውላው ትንሽ ይንቀሳቀሳል፤ እንዲህ ያለ ብሎን ደግሞ ያን አይወድም፣ አንድ ቀን ሳይታሰብ አንገቱ ላይ ቀጭ ይላል። መስቀላቸው ሳይበላ አሁኑኑ በእጅ ካቻቪቴ አንድ በአንድ አውጧቸውና በእንጨት ብሎን ተኳቸው። የተረፈውን ጥቁር ብሎን ባለቤትሽ ወደ መሥሪያ ቤቱ ይመልሰው።